ከልጆች ጋር በመኪና ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፦ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማ በር፣ መንዝ ጓሳ

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። እኔ ተወልጄ ያደኩት አዲስ አበባ ቢሆንም ክረምት ሲወጣ አያቴን ለመጠየቅ ይሄን መንገድ በአውቶቡስ መስኮት እያየሁ ነው ያደኩት፣ አሁን ደግሞ ሦስት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ራሴ እየነዳሁ እሄዳለሁ። ጓደኞቼ ይሄን ስለሚያውቁ በየጊዜው ይደውላሉ፣ "መንዝ ልንሄድ አስበናል፣ ምን እንያዝ፣ መኪናችን ይችላል ወይ፣ ልጆቹ ብርዱን ይችሉታል ወይ"፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ፣ ይሄ መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም። የመጨረሻው ማረፊያችን ጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ያለው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ጥብቅ ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካርታ ላይ ስታዩት ጠዋት ወጥተን ለምሳ እንደርሳለን ያስብላል፣ ከልጅ ጋር ግን አትደርሱም፣ ብትደርሱም ልጆቹ ታመው እናንተም ደክማችሁ ነው። መለኪያው ሁለት ነገር ነው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የቀራችሁ ሰዓትና የትንሹ ልጃችሁ አቅም። የኔ ደንብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አልገኝም የሚል ነው፣ የትም ብሆን 10 ሰዓት ላይ የማድርበት ቦታ ገብቻለሁ። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተሠራ ነው።

1. ሰላሙን አጣሩ

ይሄን ሳላስቀድም ስለ ስንቅና ስለ ማረፊያ መጻፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ ትናንት የተኬደበት ዛሬ ላይኬድበት ይችላል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ለመሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ዘመድ ጋ እደውላለሁ። ከዋዜማው ማታ ደግሞ እንደገና እደውላለሁ፣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ስደርስ ደግሞ መናኸሪያ ገብቼ ያን ቀን ከመሐል ሜዳ (የመንዝ ከተማ ናት) ወይ ከደብረ ሲና (ከጣርማ በር ቁልቁል ያለችው ከተማ) የመጡ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ እነሱ "ዛሬስ ባትሄጂ" ካሉ አልሄድም፣ ክርክር የለም። ልጅ ይዞ "እስቲ እንሞክረው" የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ደህና ካልሆነ ጉዞውን ለሌላ ዓመት አቆዩት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ቦሎ አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ እጃችሁ በሚደርስበት አስቀምጡ። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ኮፒም ያዙ፣ በተለይ ከአባትና ከእናት አንዱ ብቻ ይዟቸው የሚሄድ ከሆነ። ኬላ ላይ ቀስ በሉ፣ መስታወት አውርዱ፣ ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ (ሌሊት መሆን ባይኖርበትም)፣ ፎን ደግሞ ከእጃችሁ አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ ፎቶ እንዳታነሱ።

2. ወቅቱን ምረጡ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው የኔ ምርጫ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አለ፣ ገብሱ በየማሳው እየነጣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል ግን ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ላይ ናት ጓሳ ደግሞ ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጠዋት ስትነሱ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ በጭራሽ አትሂዱ፣ ጉሙ ከአፍንጫችሁ ወዲያ አያሳይም፣ ከአስፋልት ስትወጡ ጭቃ ነው፣ ገደል ገደሉ ላይ ናዳ አለ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ስለሚዘንብ ድንገት መንገዱ ሊያዳልጥ ይችላል። ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ በየመንገዱ ለልጅ የሚሆን ወተትና እንቁላል እንደልብ አታገኙም፣ ረቡዕና ዓርብም እንደዛው፣ ስንቃችሁን በዛ አስቡት።

3. ቀኑን ከፋፍሉት

ቢቻል አምስት ቀን፣ ካልተቻለ አራት። መጀመሪያው ቀን ደብረ ብርሃን ብቻ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዛ እደሩ። ይሄን ብዙ ሰው "ምን እዚች ጋ እናድራለን" ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ጓሳ ወጥቶ ማደር ለልጅ ጥሩ አይደለም። ከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ልጅ ደግሞ "ራሴን አሞኛል" ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንድ ሌሊት መሐል ላይ ማደሩ በጣም ይለያል። ሁለተኛው ቀን አንኮበር ደርሶ መልስ፣ ሦስተኛው ቀን በጣርማ በር አድርጎ ጓሳ፣ አራተኛው ቀን እዛው መዋል፣ አምስተኛው ቀን መመለስ። አራት ቀን ብቻ ካላችሁ አንኮበርን ቀንሱ እንጂ የደብረ ብርሃኑን አዳር አትቀንሱ።

ጨቅላ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ካላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ ጓሳ አታሳድሯቸው። ጓሳ ላይ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከተደናገረ ወይ ሳይደክም ትንፋሽ ካጠረው ሌላ ነገር አትሞክሩ፣ ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ፣ የሁለቱንም መንገድ አስቀድማችሁ እወቁ።

4. መኪናውን በዓይናችሁ አስፈትሹ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ዓመት ከመሄዴ በፊት መኪናዬን ጋራዥ አስገባሁ፣ "ፍሬኑን አይተነዋል፣ አንደኛ ነው" ብለው ሰጡኝ፣ እኔም አምኜ ሄድኩ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፔዳሉ እየላላ እየላላ መጣ፣ የተቃጠለ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ትልቋ ልጄ "እማዬ ምንድነው የሚሸተው" ስትል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ በማርሽ ይዤ ቆምኩ። በኋላ ደብረ ሲና ሲፈታ የኋላው ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ነበር። ከዛ ወዲህ ጎማው አራቱም ተፈቶ ሸራውን በዓይኔ ሳላየው አልሄድም፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ "አይተነዋል" የሚል ቃል አትቀበሉ።

ሌላው፦ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ራዲያተር፣ ቺንጊያ (ከተሰነጣጠቀ ለውጡት)፣ ባትሪ (ብርዱ ደካማ ባትሪን ጠዋት ይገድለዋል)፣ የዝናብ መጥረጊያና የጭጋግ መብራት። ስኮርታ ጎማችሁ ንፋስ እንዳለው እዩ፣ ቀጭኗ ትንሿ ስኮርታ ከሆነች ለኮረኮንች አትሆንም፣ ሙሉ ጎማ ይዛችሁ ሂዱ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ የባትሪ ገመድ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትሪያንጎሎ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ከጎማ ሥር የሚገባ ሁለት ታኮ። ክሪኩን ቤት በር ላይ አንዴ ሞክሩት፣ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳትከፍቱት።

ምን ዓይነት መኪና? እስከ ደብረ ብርሃንና እስከ ጣርማ በር ቪትስም ያሪስም ይሄዳል፣ ከፍታው ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ አይሱዙ ልቅደም ብላችሁ እንዳትወጡ፣ ያሰባችሁትን ያህል አይስብም። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ መንዝ ስትታጠፉ ግን ከፍ ያለ መኪና ይሻላል፣ ዝቅ ያለው ሆዱን ይመታል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ አሁን ብዙዎቻችሁ እሱ ነው ያላችሁ፣ ብርዱና ዳገቱ ቻርጁን ቶሎ እንደሚበላው አስቡ፣ ቻርጅ የምታደርጉበትን ሳታረጋግጡ ከደብረ ብርሃን ወዲያ አትሂዱ፣ ለመንዝ ከዘመድ የነዳጅ መኪና ብትለምኑ ይሻላችኋል።

ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ሰልፍ ቢኖርም ተሰለፉ። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በጣርማ በር በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 260፣ መባከኛውን ጨምራችሁ 350 የሚያስኬድ ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ሊኖር ይገባል። መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ አትግዙ፣ ቤንዚን በጀሪካን ልጆች ያሉበት መኪና ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታስገቡ።

5. ልብስና ስንቅ

ልብስ በመደራረብ ነው። ከውስጥ ጥጥ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ለእያንዳንዱ ልጅ ኮፍያ፣ ጓንትና ሁለት ካልሲ፣ ለሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ። ቀን ላይ ፀሐዩ በዛ ከፍታ ቆዳ ያቃጥላል፣ ብርድ ስለሆነ አይታወቃችሁም፣ ማታ የልጆቹ ጉንጭ ቀልቶ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ ሰፊ ኮፍያና ቫዝሊን።

ስንቅ ላይ እናቴን ስሙ፣ በሶ ያዙ። የመንዝ መንገደኛ ድሮም የሚይዘው እሱን ነው፣ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፣ በውሃና በትንሽ ጨው ትለውሱታላችሁ፣ ለልጆቹ ማር ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ ሆድ ይይዛል፣ አይበላሽም። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካንና ሙዝ ጨምሩ። ውሃ ከምታስቡት በላይ፣ እኔ ለአምስት ሰው 20 ሊትር እይዛለሁ፣ ከፍታ ላይ ውሃ መጠጣት ራስ ምታቱንም ይቀንሳል። ወተት ግን ጠመዝማዛው ከመጀመሩ በፊት ለልጅ አትስጡ፣ ተመልሶ ይወጣል።

ማስመለስ ካነሳሁ፣ ከጣርማ በር ወዲያና ወደ መንዝ ሲገባ ኩርባው ብዙ ነው። ቀለል ያለ ቁርስ፣ ታብሌትና ፎን መንጠቅ፣ ሩቅ እንዲያዩ ማድረግ፣ መስታወት ትንሽ መክፈት፣ ድርብ ፌስታል በየኪሱ። የመካከለኛው ልጄ ዝንጅብል በስኳር እየመጠጠ ነው የሚሄደው፣ እሱን ይረዳዋል። መድኃኒት ቦርሳ ውስጥ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ኦአርኤስ፣ ቴርሞሜትር፣ ፋሻና ልጆቹ ሁልጊዜ የሚወስዱት ካለ እሱ። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዙ፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ይጠፋል። ካርታውንም ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ፎን ላይ አውርዱት።

6. የመጀመሪያው ቀን

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ለገጣፎን ሳይጨናነቅ ታልፉታላችሁ፣ ከዛ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን። ከሸኖ ወዲያ አገሩ ይከፈታል፣ ሰፊ ሜዳ፣ የድንጋይ ቤቶች፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ በግ። በግ መንገድ ሲሻገር አንዷ ከተሻገረች ሌሎቹ መከተላቸው አይቀርም፣ "አለፉ" ብላችሁ ነዳጅ እንዳትረግጡ፣ የመጨረሻዋን ከነእረኛው ጠብቁ። ክላክስ አታብዙ፣ ፈረስና በቅሎ ላይ ሰው አለ፣ ይደነብራል።

ጫጫ አካባቢ ስትደርሱ ለልጆቹ አንጎለላን ንገሯቸው፣ ከመንገዱ ሩቅ አይደለም፣ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዛ ነው፣ የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች። ልጄ ትምህርት ቤት የተማረውን ስም ሜዳ ላይ ሲያገኘው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነው ያለፈው።

ደብረ ብርሃን 4 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ። ክፍል ያዙ፣ ልጆቹን አታስሩጧቸው፣ ቀስ ብለው ይራመዱ። ከተማዋን የቆረቆሯት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ስሟም በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው የመጣው፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ሄዳችሁ ሳሙ። ሆቴሉን "ሙቅ ውሃ አለ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ከፍታችሁ በእጃችሁ እዩት፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስም ያን ጊዜውኑ ጠይቁ፣ ሌሊት ሲበርዳችሁ የሚሰጣችሁ ሰው ተኝቷል። የሆቴል ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ።

7. አንኮበር

40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ወደ ላይ ይወጣና ሁሉን ይሸፍነዋል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከዚህ ነው የገዙት። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ በእግር ይወጣል፣ ለትንሽ ልጅ ዳገት ነው፣ እያረፋችሁ። ከላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ እየወረደ እየወረደ እስከ አፋር ሜዳ ይሄዳል፣ ልጆች እዛ ጋ ዝም ይላሉ። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ገደሉን ይዞ የሚሄደው ወፍ ዋሻ ደን ነው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው አለ። ወፍ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ በአንኮበር ስም የምትጠራ ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች፣ በዓለም ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

8. ጣርማ በር

ከደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ መኪና ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ አለ፣ የመንዙ መገንጠያ ከዋሻው በፊት ነው፣ ስለዚህ ጓሳ ለመሄድ ዋሻውን ማለፍ ግዴታ አይደለም፣ ግን ልጆች ዋሻውን ካላየን ይላሉ፣ ጊዜ ካላችሁ አሳልፏቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራው ነው፣ ርዝመቱ 600 ሜትር አይሞላም። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ መነጽር አውልቁ፣ መስታወት ዝጉ፣ ውስጥ አትቅደሙ አትቁሙ፣ ከባድ መኪና ከፊት ከመጣ ጠርዛችሁን ይዛችሁ ቀስ በሉ።

ከዋሻው ስትወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፣ በማርሽ ያዙት። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ከ"ዲ" አውጥታችሁ ወደ ዝቅተኛው አድርጉት። ፍሬኑን ስትፈልጉ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት፣ ሁልጊዜ ለስለስ አድርጎ መያዝ ነው የሚያግለው። ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ታኮ አስገቡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ የጋለው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። የራዲያተር ክዳንም ሲፈላ አይከፈትም።

ጉም ከመጣ ዝቅተኛውን መብራት ነው፣ ረጅሙ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንባችሁ። የፊተኛውን መኪና ጭራ መብራት ተከትላችሁ አትጠጉ፣ እሱ ገደል ቢገባ ትከተሉታላችሁ። ካላያችሁ ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥታችሁ ቁሙና ጠብቁ።

ደብረ ሲና ቆሎ ግዙ፣ ስሙ የወጣ ነው፣ ሻጮቹ መስኮት ድረስ ይመጣሉ፣ ግን መሐል መንገድ አትቁሙ፣ ልጆቹ ሻጮች ለመቅደም ሲሯሯጡ ነው አደጋው። ወደ ሸዋ ሮቢት ልውረድ ካላችሁ እሱ ሌላ አየር ነው፣ ከ1300 ሜትር በታች ቆላ፣ ወባ አለ፣ አጎበር ሳትይዙ አትደሩ።

9. ጓሳ

ከጣርማ በር ወደ መንዝ ስትታጠፉ መሐል ሜዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጓሳን መሐል ሜዳ ሳትደርሱ ታገኙታላችሁ። መንገዱን በሰዓት 30 አስቡት፣ ከዛ በላይ ከሄዳችሁ ትርፍ ነው። ኮረኮንች ላይ ርቀት ጠብቁ፣ የፊተኛው መኪና ጠጠር መስታወት ይሰብራል።

ጓሳ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፣ ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በአንድ ላይ ያጭዳል። አያቴ ቤት ጣራው የጓሳ ሣር ነበር፣ ገመዱ የጓሳ፣ እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳም ከሱ። ለልጆቻችሁ ይሄን ንገሯቸው፣ ሜዳው ዝም ብሎ የበቀለ እንዳይመስላቸው። ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁ ክፍያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ፣ ማረፊያውን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ አስይዙ። ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስታበስሉ እዛ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፣ ምስርና ፓስታ ከቤታችሁ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጅ ሳይርበው ጀምሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጥሩ ነው። ሌሊት ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ከዛ ቁጭ ብለው ሣር በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። እናንተም ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ዝም ካላችሁ ራሳቸው ይቀርባሉ። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድድና ጥርሱን ካሳየ "ራቁ" ማለቱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ። ምግብ አትስጧቸው፣ ልጆች ብስኩት በእጃቸው ይዘው አይጠጉ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ እድለኛ ናችሁ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያሉት። ለዚህ ነው ውሻችሁን ይዛችሁ አትምጡ የምለው፣ የቤት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባባቸዋል፣ አንድ በሽታ መንጋውን ሊጨርሰው ይችላል። እሳት ሣሩ ላይ የለም፣ ቆሻሻችሁን ከነፌስታሉ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። ገደል ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ አንድ አዋቂ፣ እጅ ለእጅ።

10. ሰው ቤት ስትገቡ

አጥር አልፋችሁ እንዳትገቡ፣ ከውጭ ሆናችሁ "ቤቶች! ውሻ ያዙ!" በሉ። ልጆቻችሁ ትልቅ ሰውን "አንቱ" እንዲሉ መኪና ውስጥ አለማምዷቸው፣ የአዲስ አበባ ልጅ "አንተ" ሲል ሽማግሌው ባይቆጡም ያዝናሉ፣ "እንደምን ዋሉ አባባ" ብሎ ጎንበስ ያለ ልጅ ግን ምርቃቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ደጋው ቡና አያበቅልም፣ ስለዚህ ቡናና ስኳር ትልቅ ስጦታ ነው። "በሞቴ" ሲሏችሁ ቢያንስ ቅመሱ፣ ሳይቀምሱ መውጣት ያስቀይማል። አረቄ ከመጣ የሚነዳው ሰው "ነጂ ነኝ፣ ይማሩኝ" ይበል፣ ይገባቸዋል፣ አንድ መለኪያም ቢሆን አይጠጣ። መንገድ ዳር ለሚሯሯጡ ልጆች ከረሜላና ብር በመስኮት አትወርውሩ፣ ቀጣዩ መኪና ሲመጣ መሐል አስፋልት ላይ ይጠብቁታል፣ መስጠት የሚፈልግ ደብተርና እስክርቢቶ ለትምህርት ቤቱ ያስረክብ።

11. መመለሻ

ከጓሳ 1 ሰዓት ጠዋት ውጡ፣ ምሳ ደብረ ብርሃን፣ ከ10 ሰዓት በፊት ቤት። የምትገዙትን ለመመለሻ አድርጉት። ከመንዝ ባና፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፣ ስትገዙ ፀሐይ ላይ ዘርጋችሁ እዩት፣ ጥቅጥቅ ያለው ነው ጥሩው፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ፣ አሽታችሁ፣ ከመሐሉ በጣት ቆንጥራችሁ ቅመሱ እንጂ ከላይ ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ በኮባ ወይ በእቃ አስጠቅልላችሁ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ሰንዳፋ ሳትደርሱ ቀልጦ ባናው ላይ ነው የሚፈሰው።